አስር ደቂቃ ልቀቁልን፦ ለትምህርት ቢሮ ኃላፊዎችና ለሱፐርቫይዘሮች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የክልል፣ የዞንና የወረዳ ትምህርት ጽህፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለሱፐርቫይዘሮች፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ እንዲሁም ይሄን ለምታነቡ የሙያ ጓደኞቼ በሙሉ

እንደምን ሰነበታችሁ። በአንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ደብዳቤው ስለ ደሞዝ አይደለም፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው፣ ያውም ረጅም። የምጠይቃችሁ ነገር በጀት አይፈልግም፣ ጨረታ አይወጣበትም፣ ከውጭ ሚመጣ እቃም የለውም። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃ ልቀቁልን። አዲስ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ከዚህ በፊት የተማረውን ከጭንቅላቱ የሚያወጣበት፣ ማርክ የማይያዝበት አስር ደቂቃ። መምህሩም ይሄን ሲያደርግ «ጊዜ አባከነ» ተብሎ አይጻፍበት። ጥያቄዬ ይሄው ነው፣ ቀሪው ለምን እንደሆነ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ገብቼ ሰላም ብዬ «ደብተር ዝጉ» እላለሁ። ሰሌዳ ላይ ሶስት ጥያቄ እጽፋለሁ፣ አንዱ ከትናንትናው፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ደሞ ከወር በፊት ካለፍነው። የማይቶኮንድሪያ ስራ ምንድነው፣ ተክል ሴል ላይ ኖሮ እንስሳ ሴል ላይ የሌለ ሁለት ነገር ጻፉ፣ አምስቱን ኪንግደሞች ጥሩ፣ እንደዚህ አይነት ነገር ነው፣ የሚያስጨንቅ አይደለም። ወረቀት ስለሌለ የደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ወይ ካምና ደብተር የተቀደደ ላይ ይጽፋሉ። አራት ደቂቃ ማንም አያወራም። ከዛ ከጎን ካለው ጋር ያስተያያሉ፣ ከዛ እኔ መልሱን እናገርና ሁሉም የራሱን ያርማል። እኔ አልሰበስብም፣ አላርምም፣ ከ70 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት ብዬ!

መጀመሪያ ሰሞን ጉድ ነበር። «ቲቸር ማርክ አለው?» «የለውም።» «ታዲያ ለምንድነው ምንሰራው?» ይሄ ጥያቄ ራሱ ስለ ትምህርት ስርዓታችን ብዙ ይናገራል እሱን እንተወው። ደብተር ዝጉ ስል ጣቷን መሃል ላይ ሰክታ የምትዘጋ ልጅ ነበረችኝ፣ ጥያቄው ተጽፎ ሳያልቅ በጣቷ ክፍተት አጮልቃ አይታ ትጨርሳለች፣ ከዛ እጅ ታወጣለች። ማርክ እንደሌለው ከልቧ ስታምን ግን ጣቷን አወጣች፣ ሁለቱን ሳተች፣ ማንም ምንም አላላትም። አሁን ሰሌዳው ላይ ሳልጽፍ በፊት «ዛሬ ከምን ከምን ነው ሚወጣው» ብላ ቀድማ ምትገምተው እሷ ናት።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር መጣብኝ። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቼክሊስቱን ይሞላል። በፈረደበት አስር ደቂቃ አዲስ ነገር አላስተማርኩማ፣ ሲወጣ አስተያየቱ ላይ «ክፍለ ጊዜውን በአግባቡ አልተጠቀመም፣ ከአመታዊ እቅዱም ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ሰፈረልኝ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ቅጹ ላይ ላየው ነገር የሚሆን ሳጥን አልነበረውም። የእለቱ ርዕስ ተጽፏል ወይ፣ ዓላማው ተገልጿል ወይ፣ ሌሰን ፕላን አለ ወይ፣ ቲቺንግ ኤይድ ይዟል ወይ፣ ፖርሽን ላይ (በእቅዱ መሰረት እስከዛ ቀን መሸፈን ያለበት ይዘት ላይ) ደርሷል ወይ። ከወር በፊት የተማሩት አሁንም አብሯቸው አለ ወይ የሚል የለም። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው፣ ሰውየውን ሳይሆን ቅጹን ቀይሩልኝ ለማለት።

ነገሩ ከኔ ጭንቅላት የፈለቀ አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ስራ (የጥናቶቹን ዓመት የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ምንም ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደሚቀረው ይለካ ነበር፣ በማግስቱ እነዛኑ ድጋሚ ሲያጠና ከመጀመሪያው ልፋቱ የተረፈለት አንድ ሶስተኛ ገደማ ብቻ ሆነ። እርግጥ ነው ትርጉም ያለው ነገር እንደዛ ቶሎ አይተንም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገርና «ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም» እስከ ስምንተኛ ክፍል አብዛኛውን በአማርኛ ለኖረ ልጅ ትርጉም ከሌለው ቃል በምን ይለያል?

ከሁሉ የገረመኝ ደሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጭር ጽሁፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን አራቱንም የጥናት ጊዜ በማንበብ አሳለፈ። ሌላው ቡድን አንዱን ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሶስቱ ጽሁፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፣ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ጋ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ሲያነቡ የነበሩት 40 በመቶ፣ ከጭንቅላታቸው ሲያወጡ የነበሩት 61 በመቶ። እስቲ ይሄን ቁጥር ከሱፐርቪዥን ጋር አያይዙት። ሱፐርቫይዘር መጥቶ የሚያየው የ5 ደቂቃውን ውጤት ነው፣ አስተማርኩ፣ «ገባችሁ?» አልኩ፣ «አዎ ቲቸር» ተባለ፣ ተጨበጨበ። ፈተና የሚያየው ግን የሳምንቱን፣ የወሩን፣ የዓመቱን ነው። 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የ9ኛ ክፍል ትምህርት ጭምር እንደሚመጣ ደሞ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

በነገራችን ላይ ልጆቹም ራሳቸው የሚያነቡት እንደ አንባቢው ቡድን ነው። ደብተሩን ይዘው ጮክ ብለው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ ያነቡታል፣ በሶስተኛው ላይ ምላሳቸው ላይ ስለሚቀል «አወቅኩት» ይላሉ። ያወቁት ገጹን ነው እኮ፣ ገጹ ሲወሰድ ባዶ ነው። ደብተር ዘግቶ ለማስታወስ መታገል ደሞ ያማል፣ የማያውቅ ያስመስላል፣ ስለዚህ ማንም ወዶ አያደርገውም፣ ክፍል ውስጥ ካላደረግነው ቤት ውስጥ አይደረግም።

ለምን እንደዛ ይሆናል ላለኝ፣ እኔ የነርቭ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ባዮሎጂ ስለማስተምር አንድ ታሪክ ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ህክምና ተብሎ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከግራም ከቀኝም በአብዛኛው ወጣለት። ከዛ በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው፣ አሁን ያገኘውን ሰው ትንሽ ቆይቶ አያውቀውም፣ የልጅነቱን ግን ብዙውን ያስታውሳል። ከሱ የተገኘው ትምህርት አንድ ነገር መጀመሪያ የሚያዝበት መንገድና ቆይቶ የሚደላደልበት መንገድ አንድ እንዳልሆነ ነው። ለመደላደል ጊዜ ያስፈልገዋል፣ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፣ በየመሃሉ መነካካትም ያስፈልገዋል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን፣ አንድ ምዕራፍ በሁለት ሳምንት እንጨርስና እስከ ፈተና ዋዜማ ዞር ብለን አናየውም። ፖርሽኑ አለቀ፣ ትምህርቱም አብሮ አለቀ።

ሌላው ነገር በአንድ ጊዜ ምን ያህል ነው ምንጭናቸው የሚለው ነው። ኔልሰን ካዋን የሚባል ተመራማሪ በ2001 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ ሰው በአንድ ጊዜ ሀሳቡ ውስጥ ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው አዲስ ነገር አራት ገደማ ነው ብሏል። አራት! እኔ ኦስሞሲስ (ውሃ በሴል ስስ ሽፋን አልፎ የሚሄድበትን ነገር) የማስተምር ቀን ሰሌዳው ላይ «ሴሚ ፐርሚየብል ሜምብሬን»፣ «ኮንሰንትሬሽን ግራዲየንት»፣ «ሃይፐርቶኒክ»፣ «ሃይፖቶኒክ»፣ «አይሶቶኒክ» አሉ፣ በዛ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ እንግሊዝኛ ነው፣ በዛ ላይ ልጁ ኖት እየገለበጠ ነው የሚሰማኝ። በጀሪካን ሙሉ ውሃ ቡና ስኒ ላይ መገልበጥ ነው። ስለዚህ አሁን ቃላቶቹን ወደ ኋላ ነው የማመጣው። መጀመሪያ «ቋንጣ ጨው ሲነሰነስበት ለምንድነው ውሃ የሚያወጣው» እላለሁ፣ በአማርኛ። እናቱ ስትዘለዝል ያላየ የለም፣ ይከራከራሉ፣ ጨው ውሃ ይስባል ይላሉ፣ ከየት ነው ሚስበው እላለሁ፣ ከስጋው ውስጥ፣ ስጋው ከምንድነው የተሰራው፣ ከሴል፣ እሺ ስለዚህ ውሃው በምን አልፎ ወጣ፣ ይሄኔ ሜምብሬን የሚለው ቃል ራሱ ይጠራል። የእንግሊዝኛ ስሙ የሚለጠፈው ቀድሞ ያለ ነገር ላይ ሲሆን አንድ ቦታ ይይዛል እንጂ አምስት ቦታ አይዝም። ኖት ደሞ እየተናገርኩ አይገለበጥም፣ ወይ ይሰሙኛል ወይ ይጽፋሉ። «እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ ተናገረ» የምትሉኝ ካላችሁ በደስታ እቀጣለሁ፣ ልጆቹ ግን ኦስሞሲስን ያውቁታል።

ይሄን ስል በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ ትዝ ይለኛል፣ የዛ ዘመን ተማሪ ሆኖ ሚረሳው የለም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቆም በል አይባልም፣ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ደቂቃ ይሰጠውና መሃል ላይ እንደ ተማሪው ቆሞ ያያል። ስዕሉ ቆንጆ ነበር፣ ግራፊክሱ ቆንጆ ነበር፣ ብዙ ብር ወጥቶበታል። ችግሩ ስክሪኑ የልጁን ፊት አያይም፣ ጠፍቶት እንደሆነ አያውቅም፣ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። ዛሬ ታብሌትና ስማርት ክላስ ሊገባ ነው ሲባል የምሰጋው ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም፣ ያኔም የጎደለው ልጁ ራሱ የሚያስብበት ጸጥታ ስለነበረ ነው።

የሒሳብ መምህር ጓደኛዬ ደሞ የራሱ ትግል አለው። ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ሲያስተምር መጽሐፉ መጀመሪያ በፋክተራይዜሽን ሃያ ጥያቄ፣ ከዛ ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር ሃያ ጥያቄ፣ ከዛ በፎርሙላ ሃያ ጥያቄ ይሰጣል። ልጆቹ ይሰሩታል፣ ደስ ይላል። ፈተና ላይ ግን የትኛውን መንገድ መጠቀም እንዳለበት የሚነግረው የለም፣ እሱን መለየት አንድም ቀን አልተለማመደም። ሮረርና ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ይሄንኑ በተማሪዎች ፈትነውት ነበር፣ የተለያዩ ቅርጾችን ይዘት ማስላት ነበር ጥያቄው። አንዱን አይነት ጨርሰው ወደ ሌላው የሄዱት በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ አገኙ፣ አደባልቀው የሰሩት 60። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን አደባላቂዎቹ 63 በመቶ፣ የፊተኞቹ 20 በመቶ። ልብ በሉ አሁንም ልምምዱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው የተሳሳተውን መምህር ነው ሚሸልመው። ጓደኛዬ ጥያቄዎቹን አደባልቆ በሰጠ ሰሞን ወላጅ መጥቶ «ልጄ ድሮ ዘጠና ነበር ሚያመጣው ምን አረግከው» ብሎታል።

ስልጠና ላይ የምትሰጡንን ነገርም እስቲ አጥሩልን። ዛሬም ድረስ «ተማሪዎቻችሁን በማየት የሚማር፣ በመስማት የሚማር፣ በመንካት የሚማር ብላችሁ ለዩና ለየራሱ አስተምሩ» የሚል ስላይድ አለ። በ2008 ፓሽለር የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ ይሄን የሚደግፍ ጥናት አለ ወይ ብለው ፈልገው በቂ ማስረጃ አላገኙም፣ ልጁ በሚወደው ስልት ስላስተማሩት ውጤቱ ከፍ እንደሚል አልተረጋገጠም። ደግሞ ሰባ ልጅ በየትኛው ጊዜዬ ነው ምለየው? ግራ አንጎል ቀኝ አንጎል፣ ሰው ሚጠቀመው የአንጎሉን 10 በመቶ ነው ምናምን ሚባለውም እንደዛው ነው፣ የማስታወቂያ ወሬ ነው፣ ለመምህር ስልጠና አይመጥንም።

አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች የቡድን አደረጃጀትስ? ሀሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ተማሪ ተማሪን ማስረዳቱ ጥሩ ነው። ሆኖም ወደ ቅጽ ተቀየረ፣ ስም ዝርዝር ተለጠፈ፣ አንዱ ጎበዝ ይሰራል የቀሩት ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ሪፖርት ላይ «አክቲቭ ለርኒንግ ተተግብሯል» ይባላል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ብቻውን ዝም ብሎ አስቦ ከጻፈ በኋላ ቢወያዩ ግን የሚያወራው ይኖረዋል። የኔ አራት ደቂቃ ጸጥታ ለዚህም ትጠቅማለች።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ «ይሄማ ሽምደዳ ነው፣ ከሽምደዳ ወጥተን አልነበር» ይለኛል። ይሄ ንግግር ያናድደኛል። ሽምደዳ ሚባለው ገጹን እያዩ መደጋገም ነው። ሳያዩ ማውጣት ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ደሞ የቆሎ ተማሪ ከኛ በፊት ያውቀዋል። የቃል ትምህርት ማታ በጨለማ ነው፣ መጽሐፍ አይታይም፣ ተማሪው በቃሉ ይላል፣ ቀደም ያለው ይሰማውና ሲሳሳት ያርመዋል። ቅኔ ቤት ደሞ ከዛ ይብሳል፣ መምህሩ የሰጡትን መድገም አይበቃም፣ ተማሪው ብቻውን ወጣ ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥርና ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፣ ቤቱ ካልመታ ወይ ምስጢሩ ከላላ ይታረማል። ወሎ ውስጥ ቁርዓን የቀራ ሰውም ለውሁን (የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ) ያስታውሳል፣ የተጻፈበትን ክፍል ለሼኹ ሳያይ ካልቀራ ታጥቦ አዲስ አይጻፍበትም። ዱላውንና ረሃቡን ይዘን እንመለስ አላልኩም፣ እሱ ይቅር። የሚገርመኝ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዛ ሁሉ ውስጥ የወሰደው አንድ ላይ ጮሆ መድገምን ብቻ መሆኑ ነው፣ ያለፈውን ሳትይዝ አዲስ አይሰጥህም የሚለውን ትቶ።

አስር ደቂቃ ሁሉን ይፈታል የሚል የለም። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ 50 በመቶና በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው፣ የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ መጽሐፍ የለም፣ ጦርነት አለ፣ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ አለ። በባዶ ሆድ ስለ አንጎል ማውራት ራሱ ቀልድ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ምገባ ለብዙ ልጅ ከየትኛውም የማስተማሪያ ዘዴ በላይ ጠቅሟል ብዬ ነው የማምነው። ግን እነዛ ከኔ እጅ ውጭ ናቸው፣ የክፍለ ጊዜው አጠቃቀም ግን በኔና በናንተ እጅ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይሁንልን። የምልከታ ቅጹ ላይ «ተማሪዎች ቀደም ሲል የተማሩትን ሳያዩ እንዲያስታውሱ እድል ሰጥቷል» የሚል አንድ መስመር ይግባ፣ ነጥብ ይሰጠው፣ በቲቺንግ ኤይድ ቦታም ቢሆን። ተከታታይ ምዘና ስትሉ ሁሉም ነገር ማርክ ሊስት ላይ ካልሰፈረ አልተሰራም አትበሉን፣ ማርክ ሲገባ ኩረጃ ይገባል፣ ኩረጃ ሲገባ ደሞ ልጁ የጎረቤቱን ጭንቅላት ነው ሚያሰራው። አመታዊ እቅድ ስታወርዱ በየምዕራፉ መሃል ወደ ኋላ የምንመለስበት ቀን ቀድሞ ተይዞ ይውረድ፣ ለዛ ሲባል የሚቀነስ ይዘት ካለ ይቀነስ፣ ምን ይቀነስ ካላችሁ የትምህርት ክፍሉን መምህራን ጠይቁ፣ ዝርዝሩን በአንድ ከሰዓት እንሰጣችኋለን። ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ስልጠናም አዳራሽ ውስጥ በስላይድ ከሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ እውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ እውነተኛ ሰባ ልጅ ፊት አሰልጣኙ ራሱ አስተምሮ ያሳየን።

ቅጹ እስኪቀየር ክፍሌ ክፍት ነው፣ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል፣ ሳትነግሩኝም ኑ። አንድ ነገር ብቻ አስቸግራችኋለሁ፣ ስትመጡ የዛን ቀን ያስተማርኩትን አትጠይቋቸው። ከአመታዊ እቅዱ ላይ ከሁለት ወር በፊት ያለፍኩትን ርዕስ ራሳችሁ መርጣችሁ፣ ደብተር አዘግታችሁ፣ የፈለጋችሁትን ልጅ አስነስታችሁ ጠይቁ፣ ከዛ በኋላ የምትጽፉትን አስተያየት እቀበላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህር